የቆሰለው ሻምፒዮንና ባልንጀራው
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ምሽት ለጥቂት ደቂቃ ጆሮአችሁን ብታውሱኝ፣ ስለ አንድ የትግል ግጥሚያ ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። ግጥሚያው የተደረገው በጃፓን ዋና ከተማ በቶኪዮ፣ ጁን 9 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በዚያ ምሽት ሁለት ሻምፒዮኖች ክብራቸውን ለመጠበቅ ወደ መድረክ ወጡ። የአንደኛው የዓይኑ ጉድጓድ አጥንት ከተሰበረ ገና ሁለት ወር ያህል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ አንድ እግሩን በፋሻ ጠምጥሞ ያነክስ ነበር። ሁለቱም ተሸነፉ። ይሁን እንጂ ያንን ምሽት የሚያስታውሱ ሰዎች ስለ አሸናፊዎቹ ድል የሚናገሩትን ያህል ስለ ተሸናፊዎቹም አወዳደቅ ይናገራሉ። ይህ ስለ ምን ሆነ? ንግግሬ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚሞክር ነው።

ነገሩን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ባጫወትሁት ጊዜ፣ «ያ እኮ ተውኔት ነው፤ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ለዚህ ብለህ አድማጭ ታስቸግራለህን?» አለኝ። ባልደረባዬ የተናገረው ሐሰት አይደለም። በክፍያ የሚታየው የትግል ትርኢት በኦሊምፒክ ከምናውቀው ትግል የተለየ ነው። አሸናፊውን የሚመርጠው የማኅበሩ አለቃ ነው፤ ታጋዮቹም እርስ በርሳቸው ላለመጓዳት ተጠንቅቀው የሚሠሩ የአንድ ሙያ ሰዎች ናቸው።

ነገር ግን ባልደረባዬ አንድ ነገር ዘንግቷል። መድረኩ በብረት ማዕቀፍ ላይ ከተረበረበ ሳንቃና በላዩ ከተነጠፈ ስስ ፍራሽ የተሠራ ነው። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው ከትከሻ በላይ ተነሥቶ በጀርባው ሲጣል፣ ውጤቱ አስቀድሞ ተወሰነም አልተወሰነም፣ አከርካሪው ያው አከርካሪ ነው። የድሉ ባለቤት በወረቀት ሊጻፍ ይችላል፤ ሕመሙን ግን የሚያስቀር ጸሐፊ የለም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። ይህ ዓይነቱ ትግል በጃፓን ሥር የሰደደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። መሥራቹ ሪኪዶዛን የተባለ፣ በኮሪያ ተወልዶ በጃፓን የሱሞ ታጋይ የነበረ ሰው ነው። ይህ ሰው ሱሞን ትቶ በ1951 ወደ አዲሱ ትግል ገባ። በፌብሩዋሪ 1954 ኪሙራ ከተባለው ታላቅ የጁዶ ባለሙያ ጋር ተጣምሮ፣ ሻርፕ የተባሉትን ከሰሜን አሜሪካ የመጡ ወንድማማች ታጋዮች ገጠመ። ጃፓን በጦርነቱ ከተሸነፈች ገና ዘጠነኛ ዓመቷ ነበር። ቴሌቪዥን በቤቱ ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ስለነበረ፣ ሕዝቡ በየአደባባዩ በተተከሉ ቴሌቪዥኖች ፊት እንደ ንብ መንጋ ተሰብስቦ ተመለከተ። በቁመትም በክብደትም ከእርሱ የሚበልጡትን ባዕዳን ሪኪዶዛን በእጁ መዳፍ ሲመታ ባየ ጊዜ፣ ያ የተሰበረ ሕዝብ ቀና አለ። ትግሉ በጃፓን ከመዝናኛ በላይ የሆነው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው ለማለት ይቻላል።

ሪኪዶዛን ዲሴምበር 8 ቀን 1963 በቶኪዮ በአንድ የምሽት መዝናኛ ቤት በስለት ተወግቶ ከሳምንት በኋላ ሞተ። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ቀድሞ የቤዝቦል ተጫዋች የነበረውና ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚያልፈው ጃያንት ባባ፣ በ1972 የራሱን ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ ስም በእኛ ቋንቋ «የመላ ጃፓን ትግል» እንደ ማለት ነው። ዛሬ የማወሳው ግጥሚያ የዚህ ማኅበር ነው።

በ1990ዎቹ ዓመታት በዚህ ማኅበር ውስጥ አራት ታጋዮች ከሌሎቹ ሁሉ ልቀው ታዩ። ጃፓኖች በቡድሃ ሃይማኖት የዓለምን አራት ማዕዘን ይጠብቃሉ በሚባሉት ነገሥታት ስም «አራቱ የሰማይ ነገሥታት» ብለው ጠሯቸው። እነርሱም ሚሳዋ ሚትሱሃሩ፣ ካዋዳ ቶሺያኪ፣ ኮባሺ ኬንታና ታውዌ አኪራ ናቸው።

ሚሳዋና ካዋዳ በአሺካጋ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የትግል ቡድን ውስጥ አብረው ያደጉ ናቸው። ሚሳዋ በአንድ ክፍል ይቀድም ነበር። በጃፓን ባህል ቀድሞ የገባ ተማሪ እንደ ታላቅ ወንድም ይቈጠራል፤ ታናሹም ዕድሜ ልኩን ያከብረዋል፤ ነገር ግን በልቡ አንድ ቀን ልቅደመው ማለቱ አይቀርም። ሁለቱ በሙያቸውም ለብዙ ጊዜ አብረው ተጣምረው ከሠሩ በኋላ በ1993 ተለያዩ። ካዋዳ፣ ሪኪዶዛን በተወጋበት በዚያው ቀን የተወለደው ሰው፣ ቀድሞ የሱሞ ታጋይ ከነበረው ከታውዌ ጋር ተጣመረ። ሚሳዋ ደግሞ ከወጣቱ ከኮባሺ ጋር ሆነ። ኮባሺ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረና በትግሉም ዓለም ብዙ ጊዜ ተሸንፎ፣ በሽንፈቱ ብዛት የሕዝቡን ፍቅር ያተረፈ ሰው ነው።

አድማጮቼ እንዲረዱልኝ የግጥሚያውን ሥርዓት በአጭሩ ልናገር። ሁለት ሰዎች ሁለት ሰዎችን ይገጥማሉ። በመድረኩ ውስጥ ከየወገኑ አንድ አንድ ሰው ይታገላል፤ ጓደኛው ከገመዱ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። የደከመው ታጋይ የጓደኛውን እጅ ሲነካ ይለዋወጣሉ። የአንዱን ትከሻ ከመሬት አስነክቶ ዳኛው እስከ ሦስት እስኪቈጥር ድረስ የያዘ ያሸንፋል። እንግዲህ የዚህ ጨዋታ ሕይወቱ በዚያች በተዘረጋች እጅ ላይ ነው። አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ከሁለቱ አንዱ የቆሰለ እንደ ሆነ ግን ምሳሌው ይፈርሳል፤ ብርቱው ብቻውን ይቀራል።

የ1995 ዓመት ለእነዚህ ሰዎች ከጅምሩ ከባድ ነበር። ጃንዋሪ 17 ቀን በኮቤና በአካባቢው ብዙ ሺህ ሰው የጨረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከዚያው ሥፍራ ብዙ በማይርቀው በኦሳካ፣ ካዋዳና ኮባሺ ለአንድ ሰዓት ሙሉ ታግለው ሳይሸናነፉ ተለያዩ። በዚያው ወር፣ ጃንዋሪ 24 ቀን፣ አራቱም በያማጋታ ተገናኝተው እንደ ገና አንድ ሰዓት ታገሉ፤ እንደ ገናም አቻ ወጡ። በጸደይ በተደረገው የማኅበሩ ታላቅ ውድድር ላይ ደግሞ የካዋዳ እርግጫ የሚሳዋን የዓይን ጉድጓድ አጥንት ሰበረ። ሚሳዋ ውድድሩን አላቋረጠም። ኤፕሪል 15 ቀን ታውዌን ጥሎ አንደኛ ወጣ። በሜይ መጨረሻም ስታን ሃንሰን የተባለውን አሜሪካዊ አሸንፎ የማኅበሩን ከፍተኛ ሻምፒዮንነት ያዘ። እንግዲህ ጁን 9 ቀን ወደ መድረክ የወጣው የሁለት ማዕርግ ባለቤት ነበር። አንዱ ለብቻው፣ አንዱ ከኮባሺ ጋር በጥምር።

ሥፍራው ኒፖን ቡዶካን የተባለው አዳራሽ ነው። ይህ አዳራሽ የታነጸው በ1964 በቶኪዮ ለተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ፣ ለጁዶ ውድድር ነበር። በዚያው በ1964 ኦሊምፒክ፣ በቶኪዮ ጎዳና፣ የእኛው ጀግና አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት በኋላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸንፎ የዓለምን ክብረ ወሰን እንደ ሰበረ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በቶኪዮ ስለ ታመመ ሻምፒዮን ሲወራ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱን ግን ኋላ እመለስበታለሁ።

ግጥሚያው ተጀመረ። ካዋዳና ታውዌ የት መምታት እንዳለባቸው ለማወቅ ብዙ አልተቸገሩም። የኮባሺ እግር በፋሻ ተጠምጥሞ ከሩቅ ይታያል። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንደ ተባለ፣ ሁለቱ በዚያ እግር ላይ ተረባረቡ። ረገጡት፤ ጠመዘዙት። ኮባሺ ሲጮኽ አዳራሹ አብሮት ጮኸ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ኮባሺ የሚታወቅበት ስልት በገዛ ጉልበቱ የሚፈረድ መሆኑ ነው። ከመድረኩ ማዕዘን አናት ላይ ወጥቶ፣ ወደ ኋላ ተገልብጦ በባላጋራው ላይ ይወድቃል። ባላጋራው በደረቱ ሲቀበለው እርሱ ሳንቃውን በጉልበቱ ይቀበላል።

ከዚህ በኋላ ሸክሙ ሁሉ በሚሳዋ ላይ ወደቀ። ሚሳዋ ፊቱ ላይ ስሜት የማይታይበት፣ ዝም ብሎ የሚታገል፣ በክርኑ ምት የታወቀ ሰው ነው። ሲመታም ሲመታበትም መልኩ አይለወጥም። ነገር ግን እነዚያ ሁለቱ የዓይኑን ቁስል አልረሱትም፤ ያለ ርኅራኄ ፊቱን መቱት። ታውዌም በሱሞ እንደሚደረገው በጉሮሮው አንቆ አንሥቶ፣ ከመድረኩ ጠርዝ ላይ ወደ ውጭ፣ ወደ አዳራሹ ወለል ጣለው። ሚሳዋ ለረጅም ጊዜ አልተነሣም። ሲነሣም እጁን ዘርግቶ የሚነካው ጓደኛ አልነበረውም፤ ኮባሺ እግሩን ይዞ መሬት ላይ ነበር።

አሁን ለመናገር ከመጣሁበት ነገር ላይ ደረስሁ። ሚሳዋ በመድረኩ መካከል ተዘርሮ፣ ሁለቱ ባላጋራዎቹ ሊጨርሱት በቀረቡ ጊዜ፣ ኮባሺ ወደ ጓደኛው ደረሰ። መምታት አልቻለም፤ መጎተትም አልቻለም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገላው። እርሱንም በሚሳዋ ላይ ጣለው። እናት ልጇን ከበረዶ እንደምትሸፍን ሸፈነው። ካዋዳና ታውዌ በጀርባው ላይ ረገጡ፤ እርሱ ግን አልተነቃነቀም። ልብ በሉ፤ በዚህ ሥራው ነጥብ አያገኝም፤ ግጥሚያውንም አያሸንፍም። ጥቂት ሰኮንድ ለጓደኛው ገዛለት፤ ዋጋውን በራሱ አካል ከፈለ።

በመጨረሻው ኮባሺን ከመንገድ አስወገዱት። ካዋዳ ሚሳዋን በወገቡ አቅፎ ወደ ላይ አንሥቶ በጀርባው ጣለው፤ ዳኛውም ሦስት ቈጠረ። አርባ ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ ሰባት ሰኮንድ አልፎ ነበር። ታናሹ ተማሪ ታላቁን ሲጥል ያ የመጀመሪያው ነው። ስንት ዓመት የተመኘው ድል! ነገር ግን ያገኘው ጓደኛው እግሩን በተጐዳበት፣ እርሱ ራሱ ፊቱን በሰበረው ሰው ላይ ነው። ለዚህ ነው ድሉ ንጹሕ ደስታ ያልሆነለት፤ ለዚህም ነው ሽንፈቱ ንጹሕ ውርደት ያልሆነው።

ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ፣ «ይህም ቢሆን የታቀደ ሊሆን ይችላል» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እግሩ በእውነት የተጎዳ ሰው በዚያ እግሩ ሲገለበጥ፣ አጥንቱ በእውነት የተሰበረ ሰው በዚያ ፊቱ ምት ሲቀበል፣ ታሪኩ ብቻ ነው የታቀደው። ዋጋው የታቀደ አይደለም። ቲያትር ቤት ሄደን የሞተው ተዋናይ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ተነሥቶ እንደሚሄድ እያወቅን እናለቅሳለን። እነዚህ ሰዎች ግን መጋረጃው ከተዘጋም በኋላ እያነከሱ ነበር የሚሄዱት።

ክቡራን አድማጮች፤ ንግግሬን በዚህ ላይ ብጨርሰው ጥሩ የጀግንነት ተረት ይሆን ነበር። ነገር ግን የሰዎቹ ታሪክ በዚያ ምሽት አላበቃም፤ የቀረውን መደበቅ ደግሞ ተገቢ አይደለም።

ጃንዋሪ 22 ቀን 1999 ካዋዳ በኦሳካ ሚሳዋን ለከፍተኛው ማዕርግ ገጠመ። በግጥሚያው መካከል የክንዱ አጥንት ተሰበረ። አላቆመም፤ አሸነፈም። ነገር ግን በተሰበረ ክንድ ማዕርጉን ሊከላከል ስላልቻለ ቀበቶውን መልሶ አስረከበ። ሚሳዋ በ2000 አብዛኞቹን ታጋዮች ይዞ ከማኅበሩ ወጣና «ኖኅ» የተባለ አዲስ ማኅበር መሠረተ፤ ኮባሺና ታውዌም ተከተሉት፤ ካዋዳ ግን በአሮጌው ቤት ቀረ። ኮባሺ በ2006 በኩላሊት ነቀርሳ ታመመ፤ ታክሞ በ2007 መጨረሻ በዚያው በቡዶካን አዳራሽ ወደ መድረክ ተመለሰ። ሚሳዋ ግን የማኅበሩ አለቃም የማኅበሩ ዋና ታጋይም ሆኖ፣ ዕረፍት ሳያገኝ ዓመታት አለፉ። ጁን 13 ቀን 2009 በሂሮሺማ ከተማ፣ ዕድሜው አርባ ስድስት ሳለ፣ በሥራው ዘመን ሁሉ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ እንደ ወደቀው አንድ ጊዜ በጀርባው ወደቀ። አልተነሣም። አንገቱ ውስጥ ያለው ሰረሰር ተጐድቶ በዚያው ሌሊት ሞተ። ኮባሺም በ2013 በቡዶካን አዳራሽ ሕዝቡን ተሰናብቶ ትግሉን ተወ።

እንግዲህ ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ያልሁት ልዩነት ይህ ነው። አበበ ቢቂላ ከሕክምናው በኋላ በቶኪዮ ሲሮጥ ቁስሉ እየሻረ ነበር፤ የሮጠውም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣ ቀን ነው። የጃፓን ታጋዮች ግን ቁስላቸው ሳይሽር በላዩ ሌላ ቁስል እየተጨመረ፣ በየከተማው፣ በዓመት ከመቶ ያላነሰ ምሽት ይታገሉ ነበር። በአንድ ታላቅ ቀን ሕመምን መቻል አንድ ነገር ነው፤ ሕመምን የዕለት እንጀራ ማድረግ ሌላ ነገር ነው።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ተማሪ ሳለሁ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ጓደኛችን በእግር ኳስ ግጥሚያ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ነበር። ሊወጣ ሲል እኛ ከዳር ሆነን፣ «ወንድ ነህ! ጠንክር!» እያልን ጮኽንበት። እርሱም ስለ እኛ ጩኸት ብሎ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። አሸነፍን፤ ተሸከምነው፤ ዘፈንንለት። ከዚያ በኋላ ግን ያ ልጅ እንደ ቀድሞው ሲሮጥ አላየሁትም። እስከ ዛሬ ድረስ ያን ጩኸት ባስታወስሁ ቁጥር ድምፄ ከሁሉ በላይ ይሰማኛል። ዛሬ በሬዲዮ ድምፄን ለብዙ ሰው የማሰማ በመሆኔ፣ ይህን መናገር ዕዳዬ መስሎ ታየኝ።

ጀግና ሰው «በቃኝ» ማለት አይሆንለትም። «በቃህ» የሚልለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ያም ሰው ሐኪሙ፣ አለቃው፣ ወዳጁ፣ ከዳር ሆኖ የሚያጨበጭበውም ተመልካች ነው። የቆሰለን ሰው ማድነቅ ቀላል ነው፤ ምንም አያስከፍልም። የቆሰለን ሰው ማሳረፍ ግን ያስከፍላል፤ አለቃው የመግቢያ ገንዘቡን፣ ተመልካቹም ደስታውን ያጣል።

ስለዚህ ከዚያ ከቶኪዮ ምሽት እኔ የማስቀምጠው፣ የቆሰለው ሻምፒዮን ስንት ጊዜ ወድቆ እንደ ተነሣ አይደለም። ያን በብዙ ሥፍራ እናገኘዋለን። የማስቀምጠው፣ እግሩን የተጐዳው ኮባሺ መነሣት ባቃተው ጊዜ ወዴት እንደ ወደቀ ነው። በጓደኛው ላይ ወደቀ፤ ምቱን ከእርሱ ሊከለክል። በዚያ ሁሉ ግርግር፣ ከዚያ ሁሉ ሺህ ሰው መካከል፣ ለሚሳዋ «በቃ፣ አትምቱት» ያለ ሰው እርሱ ብቻ ነበር፤ ያለውም በቃሉ ሳይሆን በጀርባው ነው።

በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየቤታችን፣ በየሜዳው፣ ቁስሉን ደብቆ የሚታገል ሰው አጠገባችን አይጠፋም። ስናየው ከማጨብጨባችን በፊት አንድ ጊዜ ጠጋ ብለን፣ «እንደ ምን ነህ?» እንበለው።